ያልለቀቀው ከረጢት

ኡናይሲ መርዶውን ያገኘችው ችግኞቹ በተተከሉ በአርባ አምስተኛው ቀን፣ እጇን እስከ ክርኗ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነክራ ነው።

የምትሠራበት ቤተ ሙከራ የደሴት አገሯ ዋና ከተማ በሆነችው በሱቫ ዳር ካለ ኮሌጅ ጀርባ የሚገኝ፣ ድሮ የጀልባ ሞተር ይጠገንበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጥግ ላይ ሰፊ ገንዳ አለ። ገንዳው ከመንደሯ ባሕር ዳር በባልዲ ባመጣችው ጭቃ ተሞልቷል፤ ጭቃው ውስጥ በጨው ውሃ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አሥር ችግኞች፣ እያንዳንዳቸው ከካሳቫ ስታርች በሠራችው ስስ ከረጢት እንደተጠቀለሉ ተተክለዋል። አንዱን ነቅላ በቧንቧ ውሃ አጠበችው። ከረጢቱ ምንም አልሆነም። እስካሁን መሳሳት ሲገባው አልሳሳም፣ አልተበሳም፤ ከምድጃ የወጣ ዕለት እንደነበረው ያብረቀርቃል። ሥሩ ግን መውጫ ፈልጎ ሲያጣ ከረጢቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቋል። ሁለተኛውን ነቀለች፤ ያው ነው። አሥሩንም ነቅላ ስትጨርስ እጇን እንኳ ሳትታጠብ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

በአሥር ችግኝ ማንም እንዲህ አይሆንም። ነገር ግን ናሶቃ፣ እትብቷ በተቀበረበት መንደር፣ ባሕሩ ዳር ጭቃ ውስጥ አራት መቶ ችግኞች በዚያው ከረጢት ተተክለው ቆመዋል። ከችግኞቹ ጀርባ የመንደሩ መቃብር አለ። ከመቃብሩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ለባሕሩ በጣም በሚቀርበው በኩል፣ ልጇ ኢኖኬ ተኝቷል። የደንጊ ትኩሳት በስድስት ዓመቱ፣ በአራት ቀን ውስጥ ነጠቃት። ሲቀበር ከእግሩ እስከ ባሕሩ ሃያ እርምጃ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ስትለካው ሰባት ሆኗል።

ማንግሮቭ ባሕሩን እንደሚያቆም ናሶቃ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሥሩ ጭቃውን ጨምድዶ ይይዛል፣ ማዕበሉ እሱ ጋ ሲደርስ ይደክማል። ግን ፍሬውን ዝም ብለው ቢሰኩት ባሕሩ በማግስቱ ነቅሎ ይወስደዋል። ችግኝ ጣቢያ አድጎ፣ አፈሩን እንዳቀፈ ከነከረጢቱ መተከል አለበት። አንዴ በጥቁር ፌስታል ሞክረውት ነበር፤ ፌስታሉ ተቀዳዶ ዓሣ በሚራባበት የኮራል አለት ላይ ተጠመጠመና ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ፌስታል ባሕራችን እንዳይገባ ብለው ከለከሉ። እንግዲህ የሚያስፈልገው ችግኝ ጣቢያ የሚቆይበትን ጊዜ ጨምሮ ሦስት ወር የሚይዝ፣ ከዚያ የሚለቅ ነገር ነው። ኡናይሲ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለፋበት የኖረችው ይህንኑ ነው። ሰው ሲጠይቃት «ለአካባቢ ጥበቃ ነው» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ለአንድ ትንሽ መቃብር ነው።

ስታርች ደግሞ ሰው ያሳብዳል። ካሳቫውን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት ከውሃና ከግሊሰሪን ጋር እሳት ላይ ሲያማስሉት እንደ አጥሚት ይወፍርና ጥርት ይላል። መስታወት ላይ አፍስሰው ሲያደርቁት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይነሳል። ግሊሰሪኑ ካነሰ ይሰባበራል፤ ከበዛ እንደ ቀለጠ ከረሜላ እጅ ላይ ይለጠፋል። ልኩ ተገኘ ሲባል መደርደሪያ ላይ ሳምንት ሰንብቶ በራሱ ጊዜ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚብሰው ውሃ ነው። ስታርች ውሃ ሲያይ የተማረውን ሁሉ ይረሳል።

ይህን ኡናይሲ የተማረችው በአደባባይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ከረጢቶች በአፈር ሞልታ ናሶቃ አሰለፈቻቸው። መንደሩ ወጥቶ አየ፣ ፓስተሩ ጸለየባቸው፣ ተበላ፣ ተዘፈነ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ሲያባራ የቀረው ጭቃና ንፍጥ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። ዋይሳኬ፣ የአክስቷ ልጅ፣ ከመሬት በእጁ ዝቆ አነሳው። እዚያ አገር የአክስት ልጅ እንዲያሾፍ ነው የተፈጠረው።

«ኡናይሲዬ፣ ይሄ እኮ ከረጢት አይደለም፣ ሙጫ ነው! ጀልባዬ ስንጥቅ አላት፣ ትንሽ ትሰጪኛለሽ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሙጫ ሆነ። ገበያ ስትወርድ ሙጫ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሙጫ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ክፍሏ ስትገባ ግን ትራሷን ነክሳ ታለቅስ ነበር። በኋላ ያጠፋችውን ሁሉ ያጠፋችው ያን ስም ፈርታ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ያዘችው፤ አለቀቀችውም። የኮኮናት ቃጫ ፈጭታ ስትጨምርበት ጠነከረ። የሎሚ አሲድ ጨምራ ምድጃ ውስጥ ስታሞቀው ስታርቹ እርስ በርሱ ተያያዘና ውሃ መጠጣቱን ቀነሰ። ላዩን በንብ ሰም ቀባችው። ጓሮ አፈር ውስጥ ቀብራ ስትሞክረው ሁለት ወር ተኩል ያዘ፣ በሦስተኛው ወር ብትንትን አለ። ልክ እንደተመኘችው።

አለቃዋ ዶክተር ሽያም ውጤቱን አይቶ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ግን መነጽሩን አውልቆ እንዲህ አላት፦

«የጓሮ አፈር የባሕር ጭቃ አይደለም። የመንደርሽን ጭቃ አምጪና እዚህ ገንዳ ውስጥ አንድ ወቅት እንየው። አሁን ወስደሽ ብትተክዪ በጭፍን ነው።»

«እሺ ዶክተር» አለች። ገንዳውን ሞላችው፤ ግን አልጠበቀችውም። ገንዳው ውስጥ አሥሩን በተከለች ሳምንት ናሶቃ ላይ አራት መቶውን ተከለች። ባሕሩ ሰባት እርምጃ ላይ ቆሟል፣ ሰውዬው ወቅት ይላል! ይባስ ብላ፣ ዳግመኛ ሙጫ እንዳትባል፣ አንዴ መሞቅ የሚበቃውን ከረጢት ሁለቴ አሞቀችው፤ ሰሙንም ደረበችበት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

አብረዋት የተከሉት የአባቷ ታናሽ ወንድም አፒሳይ ነበሩ። ትንሹ አባዬ ትላቸዋለች። የመንደሩ ባሕር አለቃ እሳቸው ናቸው፤ መረብ መቼ እንደሚጣል፣ የት እንደማይጣል የሚወስኑት እሳቸው። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሁለት ቀን አጎንብሰው ተከሉ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንቺ ሙጫ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሄ ነገር ይለቃል?»

«ይለቃል፣ ትንሹ አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይለቃል አልኩዎት እኮ!»

«እንግዲያው ጥሩ» አሉና ወደ መቃብሩ አዩ። «ያ ልጅ ጥላ ያገኛል።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አፒሳይ ከካሳቫ ማሳ ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ልብ ነው ተባለ። መንደሩ እንደ ወጉ ባሕሩን ለመቶ ሌሊት ዘጋላቸው። ጭቃው ዳር ረጅም እንጨት ተተከለ፣ ጫፉ ላይ የኮኮናት ቅጠልና ነጭ ጨርቅ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ማጥመድ የለም፣ ሸርጣን መልቀም የለም፣ እግር ማርጠብ እንኳ የለም፤ ባሕሩም ሐዘን ላይ ነው። ናሶቃ መቶ ቀን የቆርቆሮ ዓሣ ሊበላ ተቀመጠ። እንጨቱን ከቀኑ በፊት ማስነሳት የሚችል ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው፣ ሚስታቸው ማኬሌሲ።

ገንዳው ዳር መሬት ላይ የተቀመጠችው ኡናይሲ ስታሰላው ሰባ ሌሊት ይቀራል።

ዶክተር ሽያም ከረጢቱን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አገላበጠው። «ያ ጭቃ ውስጥ አየር የለም» አለ። «አየር ከሌለ ስታርቹን የሚበላው ተሕዋስም የለም ማለት ነው፤ ቢኖርም ያዘግማል። ሰሙም አለ። ግን እንዲህ መክረሩ... ስንት ጊዜ ነው ያሞቅሽው?»

«አንዴ» አለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የሚያንገበግበውም እሱ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ስለት፣ ባሕሩ የሚሸሽባቸው ሁለት ጠዋቶች። እያንዳንዱን ከረጢት ጎንና ጎኑን ሰንጠቅ፣ ሰንጠቅ። የቀረውን ሥሩ ራሱ ያውቅበታል።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በወንዝ ጀልባ ናሶቃ ገባች። አባቷ ኤሮኒ ባሕሩ ቢዘጋም በረንዳው ላይ መረብ ይጠግኑ ነበር።

«አባዬ፣ ባሕሩ ውስጥ መግባት አለብኝ።»

«ወንድሜ ተኝቷል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አውቃለሁ። ግን ከረጢቶቹ አለቀቁም። ገብቼ ካልቀደድኳቸው ችግኞቹ ይሞታሉ። እነሱ ከሞቱ ኢኖኬን ባሕሩ ይወስደዋል።»

ኤሮኒ መረቡን አስቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ስም ሲነሳ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ተመለከቱ።

«አንቺ ራስሽ ብትጠይቂ ነውር ነው። ያንጎና ይዘን እንሄዳለን። እኔ እናገርልሻለሁ።»

ማኬሌሲ ጥቁር ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐዘንተኛ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው፣ ዋይሳኬ በሩ ሥር። ኤሮኒ ሰው ሲለመን በወጉ የሚቀርበውን የያንጎና ሥር ፊታቸው አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሲናገሩ ደግሞ ኤሮኒን የሚያህል የለም። ወንድማቸው በሰባት ዓመቱ ከኮኮናት ዛፍ ወድቆ ሳያለቅስ ተነስቶ እንደሳቀ ተናገሩ። በዚያ ትልቁ አውሎ ነፋስ የሰው ሕፃን በጥርሱ ይዞ እንደዋኘ ተናገሩ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ዋይሳኬ ዓይኑን ጠረገ። ኡናይሲ አንገቷን ደፍታ አንዲት ቃል ትጠብቃለች፤ «ስለዚህ» እስኪሉ። «ስለዚህ» ካሉ ቀጥሎ ችግኙ ይመጣል።

«...ይህች ትንሽ ሥር ናት፤ ከነጉድለታችን ተቀበሉን» አሉ ኤሮኒ፣ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ አበቃ።

ማኬሌሲ ሥሩን ነክተው ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ኡናይሲ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳሽ? በዚህ ዝናብ ከሱቫ ድረስ የመጣሽው ለዚህ ብቻ ነው?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት ማለት ነው። ኡናይሲ አፏን ከፈተች። ልትል የሚገባትን ታውቃለች፦ ለባልዎ ይለቃል ብዬ ነበር፤ አይለቅም፤ ሳልሞክረው ተከልኩት፤ ሁለቴ አሞቅኩት፤ እንደገና አበላሸሁት። ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል። ዋይሳኬ ያያታል።

«ለዚሁ ነው፣ ትንሿ እማዬ» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ አልተናገሩም እኮ።»

«ተናግሬያለሁ።»

«ስለ ችግኙ አንዲት ቃል አልወጣዎትም!»

«እንዴት ብዬ ልበል?» ድምፃቸው ተሰበረ። «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ባሕሩን ክፈቱልኝ ልበላቸው? ወንድሜ ነው፣ ኡናይሲ።» ትንሽ ሄደው፣ «ሲያስቡበት ይገባቸዋል» አሉ። ማንም አስቦ የሚደርስበት ነገር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ቢላዋን በቀሚሷ ጠቅልላ ወደ ባሕሩ ወረደች። እንጨቱ ሥር ዋይሳኬ ተቀምጧል፤ ጥበቃው የእሱ ተራ ነው።

«ሙጫ! በሰንበት ቢላ ይዘሽ ማንን ልታርጂ ነው?»

ስቃ ልታልፈው ነበር። አልሆነላትም፤ እዚያው ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው፣ ሁለቴ ማሞቋን ጭምር። ለማንም ያልተናገረችውን ለዚያ ለሚያሾፍባት ሰው ተናገረች። ዋይሳኬ ሲሰማ አንዴም አልቀለደም። ስትጨርስ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ።

«እንግዲህ እኔ ልጸልይ ነው» አለ። «ስጸልይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ፊቴንም ወደ ኮረብታው አዞራለሁ። ዛሬ ደግሞ ኃጢአቴ ብዙ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

ዞረ። እውነትም መጸለይ ጀመረ።

ኡናይሲ ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን ጭቃው ውስጥ አስገባች፤ ቀዝቃዛ ነበር። ፊት ለፊቷ አራት መቶው ችግኝ ለምለም ሆኖ ቆሟል። እንዲህ ለምልሞ ይሞታል? ምናልባት ገንዳው ሌላ ነው። ምናልባት እዚህ ሸርጣኖች አሉ፣ ሞገድ አለ፣ ከረጢቱን ከፍተውት ይሆናል። ደግሞስ በዚህ ወቅት የአንድ ሰው ልጅ ባሕር ቢበላው ምን ይባላል? ሙጫ ወጉን ጥሳ የገባች ጊዜ ነው ይባላል። ነጩ ጨርቅ በንፋሱ ተርገበገበ። እግሯን አወጣች።

«ጨረስሽ?» አለ ዋይሳኬ ሳይዞር።

«ጨረስኩ።»

ዞሮ የደረቀውን ቢላዋና አንድ እግሯ ላይ ብቻ ያለውን ጭቃ አየ። ይህን ማሳመር አልፈልግም፤ ፈራች። ወግ አክብራ ቢሆን ኖሮ ቢላ ይዛ አትወርድም ነበር፤ ለልጇ ቆርጣ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን እግሯንም ታስገባ ነበር።

መቶው ሌሊት በኅዳር መጨረሻ ሞላ። ማኬሌሲ እንጨቱን አስነቀሉ፣ መንደሩ መረቡንና ቅርጫቱን ይዞ ወደ ባሕሩ ጎረፈ። ዓሣው መቶ ቀን ሰው አላየምና መረብ ውስጥ እየዘለለ ይገባል፤ ሕፃናት ይጮሃሉ፣ ሴቶች ይዘፍናሉ። ኡናይሲ ብቻዋን ወደ ሌላኛው በኩል ሄደች።

ከሩቅ ቡናማ ሆኖ ታያት። ስትጠጋ ቅጠሉ ረግፏል፣ ግንዱ ሲነኩት ይሰበራል። አንዱን ነቀለች፤ ተከትሏት መጣ፣ ከጭቃው ጋር የተያያዘበት ምንም ነገር አልነበረም። ከረጢቱን ባሕሩ ውስጥ አለቀለቀችው። ጥርት ብሎ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እባክህ አትሟሟ ስትለው የኖረችው ነገር እንደተባለው ሆኖላታል።

ማኬሌሲ ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጭቃው እየተራመዱ አጠገቧ ደረሱ።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ?»

ነገረቻቸው። አሁን ሲሆን ቃሉ ሁሉ ወጣላት፣ አንድም አልቀረ። ማኬሌሲ ከረጢቱን ተቀብለው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በአርባ አምስተኛው ቀን።»

«ያንጎናውን ያመጣችሁ ጊዜ?»

«አዎ።»

ከወዲያ በኩል ልጆች በደስታ ሲጮሁ ይሰማል። ማኬሌሲ ከረጢቱን መልሰው እጇ ላይ አኖሩት።

«ጠየቅኩሽ እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ለዚህ ብቻ ነው የመጣሽው ብዬ ጠየቅኩሽ። ብትነግሪኝ እንጨቱን በገዛ እጄ ነቅዬ፣ እኔው ቢላ ይዤ አብሬሽ እወርድ ነበር። ባሕሩ ያዘነው ለማን ነው? ለአፒሳይ አይደለም? አፒሳይ በሞተበት ዋዜማ ራት ላይ ያወራኝ ስለነዚህ ዛፎች ነበር። የእሱን ፈቃድ እኔ አላውቀውም?» እንባቸው ወረደ። «ሁላችሁም አከበራችሁኝ። የጠየቀኝ ግን የለም።»

ኡናይሲ ይቅርታ ልትል ፈለገች። ቃሉ ትንሽ ሆነባትና ተወችው።

ባሕሩ በጥር መጣ። አውሎ ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ጨረቃዋ ሞልታ፣ ንፋሱ ከምሥራቅ ነፍሶ፣ ተራ የባሕር ሙላት ነበር። ሲነጋ ከመጨረሻው ረድፍ ሁለት መቃብር የለም። የኢኖኬ ግማሹ ተንዷል። በዚያው ጠዋት ኤሮኒና ዋይሳኬ ገብተው ከልጁ የቀረውን አወጡ፤ አንድ ሰው ታቅፎ የሚሸከመው ያህል ነው። ማኬሌሲ ከዛፍ ልጣጭ የተሠራ ማሲ ጨርቅና አዲስ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀበሉ።

ኮረብታው ላይ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ ግን ዝናቡ አላቋረጠም፣ ከጉድጓዱ ሥር ውሃ ያመነጫል። ዋይሳኬ በባልዲ ይጨልፋል፣ ውሃው ይመለሳል። ሁሉም ዙሪያውን ቆመው ያያሉ።

«ኡናይሲ» አሉ ማኬሌሲ። «ያ ነገርሽ ተርፎሻል?»

«የቱ?»

«ውሃ የማያስገባው።»

ከአባቷ ቤት ጣሪያ ሥር አንድ ጥቅል ተርፏት ነበር። ሮጣ ሄደች፣ ሮጣ መጣች። ማሲውን ከነያዘው መሐል አስቀምጠው እሷና ማኬሌሲ ከሁለት በኩል አጠፉት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጫፉን በኮኮናት ገመድ አሰሩት። ዝናቡ ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ዋይሳኬ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጥቅሉን ተቀበላት፤ ሙጫ ብሎ የጠራት የለም።

ኤሮኒ አፈሩን ከመመለሳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በመዳፋቸው ነኩት።

«ይሄ ነገር ጊዜው ሲደርስ ይለቃል?» አሉ።

«አይለቅም፣ አባዬ።»